የመኪና ጥያቄና መልስ፦ በሩ ላይ ያለው የውድድር ቁጥር ይፋቅ ወይስ ይቆይ?

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች ዙሪያቸው አንድ ነው። አባት ወይም አያት በወጣትነታቸው በገዛ መኪናቸው ይወዳደሩ ነበር፤ ዛሬ ቤት የቀረው ፎቶ፣ የፊልም ጥቅል፣ ቆርቆሮ ሙሉ ዕቃ፣ አለዚያም ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ነው። በዚያ ዘመን ለውድድር ብቻ የተሠራ መኪና የነበረው ጥቂት ሰው ነው። ብዙው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ የሚመላለስበትን ሚሌቼንቶ (ፊያት 1100) ወይም ሴይቼንቶ (ፊያት 600) እሑድ ጠዋት ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ፈትቶ፣ የኋላ ወንበሩን አውጥቶ፣ በሩ ላይ ቁጥር ቀብቶ ይሰለፍበት ነበር። የቀረው ዕቃ ከተራ ብረታ ብረት የማይለይ የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ ታሪኩ ያለው በጭረቱ፣ በቁጥሩና በብዛቱ ላይ ነው። ከዚህ በታች ደጋግመን «አትንኩት» ስንል ለምን የሚለን ካለ ይኸው ምክንያታችን።

ጥያቄ፦ አባታችን አሥመራ ሲሠራ በመኪና ይወዳደር እንደነበር እማዬ ትነግረናለች። ብዙ ፎቶ አለን፤ ጥቂቶቹ ጀርባቸው ላይ 1958 ይላል፣ ሌሎቹ ምንም የላቸውም። መቼ እንደተነሱ በምን ይታወቃል? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ 1958ቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይለዩ። በእኛ ከሆነ ፎቶው የተነሳው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ባለው ጊዜ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ 1950 ወይም የ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ይሆናል። ወሩ በአማርኛ ተጽፎ ከሆነ ነገሩ አለቀ። በጣሊያንኛ ከተጻፈ ወይም ባዶ ቁጥር ብቻ ከሆነ ግን መልሱን የሚሰጡት በፎቶው ውስጥ የቆሙት መኪኖች ናቸው። ለምሳሌ ከኋላ ፔጆ 404 ከታየ፣ መኪናው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ስለሆነ ቁጥሩ የፈረንጅ 1958 ሊሆን አይችልም።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። የቮልስ የኋላ መስታወት ለሁለት የተከፈለ ከሆነ መኪናው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1953 መጋቢት በፊት ነው፤ እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ፤ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ ወዲህ። የሴይቼንቶ በር እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ ማጠፊያው ከኋላ ስለነበር የሚከፈተው ከፊት በኩል ነው። ሚሌቼንቶ ከፊት ፍርግርጉ መሀል ሦስተኛ መብራት ካለው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጣኑ ሞዴል፣ ቱሪዝሞ ቬሎቼ የሚባለው ነው፤ ለውድድር ይፈለግ የነበረውም እሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር አይርሱ፦ የመኪናው ዕድሜ የሚነግረን «ከዚህ በፊት አልተነሳም» የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራ መኪና በ1965ም ይወዳደራል።

የአገራችን ፎቶዎች ደግሞ ብዙ ሌላ አገር የሌለ ምልክት አላቸው። እስከ ግንቦት 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስለዚህ ከጀርባ የሚያልፉትንና ዳር የቆሙትን መኪኖች ይዩ። የሚወዳደረውን መኪና አይዩ፤ መንገድ ተዘግቶ ሲወዳደሩ ሹፌሩ ማዞሪያውን ለመቁረጥ ከዳር እስከ ዳር ይጠቀማል። ከዚያ በፊት ግን የሱቅ ጽሑፍ ወይም ታርጋ ይፈልጉና በትክክል መነበቡን ያረጋግጡ፤ ነጌቲቩ ተገልብጦ ከታጠበ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል።

የቀለም ፎቶ ከሆነ ነጩን ጠርዝ ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ላይ ወርና ዓመት ታትሟል። ያ የታጠበበት ቀን ነው፤ ፊልሙ ካሜራ ውስጥ ወራት ቆይቶም ሊሆን ይችላል።

ስም ስትጽፉ ከጀርባ፣ ጠርዝ አካባቢ፣ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። ስካን ስታደርጉ ከ600 ዲፒአይ አይነስ፤ በዚህ መጠን በሩ ላይ ያለው ቁጥርና የጎማው ጽሑፍ ይነበባል። አልበም ላይ የተጣበቀውን በጥፍር አትቆፍሩ፤ ቀጭን የጥርስ ክር ከጀርባው አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። መስታወት ላይ የተጣበቀ ፎቶ ግን አይነካም፤ ከነመስታወቱ ቅጂው ይወሰድ። የደሴ ክረምት ጭጋግና እርጥበት ስለሚያበዛ ፎቶ ወደ ውጭ በሚያዋስነው ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ሻጋታው ከጀርባ ነው የሚጀምረው።

ጥያቄ፦ ትንንሽ የፊልም ጥቅሎችም አሉ። ፕሮጀክተር የሚያውሰን ሰው አግኝተናል፤ እንየው? (ከዚያው ቤት)

መልስ፦ አትዩት። ያረጀ ፊልም ይኮማተራል፤ ቀዳዳዎቹ ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር ስለማይገጥሙ ይቀደዳል፤ አንድ ቦታ ከያዘው ደግሞ የመብራቱ ሙቀት በሰከንድ ውስጥ ያቀልጠዋል። ጥቅሉን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ መበስበስ ጀምሯልና ከሌሎቹ ለይታችሁ በካርቶን፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ቅድሚያ የሚቀዳውም እሱ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የድሮው ስምንት ሚሊ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ከሥዕሉ መሀል ትይዩ ከሆነ ሱፐር ስምንት ነው፤ ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ስለሆነ ለዘመኑም ፍንጭ ይሰጣል። 15 ሜትር የሆነው ትንሹ ጥቅል በድሮው 4 ደቂቃ ያህል፣ በሱፐር ስምንት 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይሄዳል። የሚቀዳላችሁ ሰው ፎቶ በፎቶ የሚያነሳ ማሽን ያለው ይሁን፤ ግድግዳ ላይ አብርቶ በስልክ የሚቀርጸው አይሁን።

ጥያቄ፦ የአያቴ ዕቃ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ከጣት ጥፍር የሚያንሱ የናስ ቁርጥራጮች ሞልተውበታል፤ 110፣ 115፣ 120፣ 170፣ ኤፍ 16 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸውባቸዋል። መካኒኩ ልጽዳልህ ይለኛል። ምንድን ናቸው? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ የካርቡራተር ጅግለሮች፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቤንዚንና አየር የሚመጥኑ ባለ ቀዳዳ ቁርጥራጮች ናቸው፤ እንደ ቁጥሮቹ አጻጻፍ የጣሊያኑ የቬበር ካርቡራተር ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የሚገኘው ከምር ሲወዳደር በነበረ ሰው ቤት ነው፤ መኪናውን ለሥራ ብቻ የሚነዳ ሰው ጅግለር አይቀያይርም።

ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ። 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር። ከ100 እስከ 145 አካባቢ ያሉት ዋናውን ቤንዚን የሚመጥኑት ናቸው፤ ከ150 በላይ ያሉት አየር የሚያስገቡት፤ ኤፍ ያለበት ቀጭን ቱቦ ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ፣ ጎኑ የተበሳሳው መቀላቀያ ነው። ሲገጠሙ ቤንዚኑ ከታች፣ ቱቦው መሀል፣ አየሩ ከላይ ሆነው እንደ አንድ ዘንግ ይቆማሉ። ሌሎች 28፣ 30፣ 32 የሚሉ ሰፋፊ ቀለበቶች ካገኙ የአየር ማጥበቢያ አንገቶች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ያለው ቁጥር ሙሉ ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን ይቁጠሯቸው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት ካለ መኪናው ባለ ሁለት ጉሮሮ አንድ ካርቡራተር ነበረው፤ አራት አራት ካለ ሁለት እንዲህ ያሉ ካርቡራተሮች፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ። ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ጉሮሮ ብቻ የነበረው ሚሌቼንቶ ከሆነ መኪናቸው፣ አያትዎ ምን ያህል እንደቀየሩት ከዚሁ ቆርቆሮ ይነበባል።

ለምን ብዙ ቁጥር አስፈለገ? በከፍታ ምክንያት ነው። ምጽዋ ባሕር ወለል ላይ ናት፤ አሥመራ ከ2,300 ሜትር በላይ፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፤ ደሴ ወደ 2,500። ከፍ ሲሉ አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ደሴ ላይ የአየሩ ክብደት ከባሕር ወለል ከ100 ወደ 78 ገደማ ይወርዳል፤ ድብልቁም 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ ምጽዋ ላይ 120 ጅግለር የተስማማው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 115፣ ደሴ ላይ ደግሞ 112 ወይም 113 አካባቢ ይፈልጋል። ካልተቀየረ ካንዴላው (እሳት ሰጪው) እንደ ጥላሸት ይጠቁራል፣ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል። ተገላቢጦሹ ይብሳል፦ በደሴ ጅግለር ቆላ ወርዶ በሙሉ ቤንዚን የሮጠ ሞተር ቤንዚን ያንሰዋል፣ ካንዴላው ይነጣል፣ ፒስተኑም ሊበሳ ይችላል። ትክክለኛው የካንዴላ ቀለም ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ነው።

ጅግለር ቢያስተካክሉም የጠፋው ጉልበት አይመለስም፤ የሚቃጠለው አየር ራሱ አንሷልና። ከፋብሪካ 36 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣው የመጀመሪያው ሚሌቼንቶ ደሴ ላይ የሚሰጠው 27 ያህል ነው። የደጋ ተወዳዳሪዎች ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን ክዳን) አስልጠው፣ ማለትም ታችኛውን ገጹን አስፍቀው፣ እመቃውን ከፍ የሚያደርጉትም ይህን ለማካካስ ነበር፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ እዚህ አያንኳኳም። ያው ሞተር ቆላ ሲወርድ ግን ያንኳኳል።

ጽዳቱን በተመለከተ፦ ሽቦ ወይም መርፌ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ። ናስ ለስላሳ ነው፤ በ120 እና በ125 መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ በሽቦ የተጎረጎረ ጅግለር ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። በካርቡራተር ማጽጃ ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል። ካላስገጠሙት ደግሞ ጨርሶ ባይጸዳም ግድ የለም። በየቁጥሩ ለይተው በትንንሽ የወረቀት ከረጢት ያስቀምጧቸውና ቆርቆሮውንም አይጣሉ።

ጥያቄ፦ አጎታችን በሕይወት አሉ፣ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ስለ ውድድሩ ስንጠይቃቸው «ድሮ ነው፣ ረሳሁት» ይሉናል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ «ምን ያስታውሳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ዕቃ እጃቸው ላይ አኑሩ፤ ካንዴላ፣ ጅግለር፣ የድሮ መሪ። ከዚያ መልሱ አጭር የሆነ ነገር ጠይቁ፦ ማርሹ መሪው ላይ ነበር ወይስ ወለሉ ላይ? ጎማ ስንት ነፋስ ትሞሉ ነበር? ከኋላ ወንበር ሌላ ምን ታወልቁ ነበር? ቴስታታውን ማን አሰለጠው? ማን ያሸንፍ ነበር ከማለት የትኛው ማዞሪያ ያስቸግር ነበር ማለት ይሻላል። የድሮ ሹፌር እጅ ማርሹን ያስታውሳል፤ ወሬው ከዚያ ይመጣል። ስልኩ ደረት ኪሳቸው አጠገብ ሆኖ ይቅረጽ፤ ጠዋት፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ፣ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ሚሌቼንቶ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና አጠገብ ባለው ግቢያችን ከ30 ዓመት በላይ ቆሟል። በሩ ላይ ደብዝዞ 27 ቁጥር ይታያል። የእህቴ ልጅ በፒክአፕ ጎትተን እናስነሳው ይላል፤ ቀለም ቀቢው ደግሞ ቁጥሩን ፍቄ እንደ አዲስ ላድርገው ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይከልክሏቸው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚፈሰው መልሶ አይለቀምም። ይህን ያህል የቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተኑ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተያይዟል፣ አንድ ሁለት ቫልቭም በቦታው ደርቋል። ፒክአፑ ሲጎትተው ጎማው በግድ ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ያዞራል፤ ፋሻው ይሰበራል፣ የደረቀውን ቫልቭ የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። በአንድ ሊትር ዘይትና በትዕግሥት የሚፈታው ነገር ሞተር ማውረድ ይሆናል።

ከመንካትዎ በፊት ዙሪያውን፣ ውስጡን፣ ኮፈኑን ከፍተው ፎቶ ያንሱ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። ተወዳዳሪዎች ሞተር ይቀያይሩ ስለነበር የሞተሩ ቁጥር ላይገጥም ይችላል፤ ይህ ራሱ የታሪኩ አካል ነው፣ ነገር ግን መኪናው መንገድ ሊወጣ ከሆነ ወረቀቱን ቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከዚያ ባትሪ ሳይታሰር አራቱን ካንዴላ ይፍቱ። ከመፍታት በፊት ዙሪያውን በአየር ይንፉ፤ አሸዋው ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ ይግባ። አሴቶን ከሌለ ናፍጣና የሞተር ዘይት ይሆናል፣ ግን ይዘገያል። አሴቶኑ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ሳምንት ቢሆን የተሻለ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ይጨመርበት። በዚህ መሀል የቫልቩን ክዳን ከፍተው በየቫልቩ እግር ላይ ዘይት ያንጠባጥቡ።

ሲዞር በእጅ ብቻ ይሁን፤ በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) ወይም በኮሎው ጫፍ ባለው ቡሎን ላይ በገባ ቁልፍ። ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ሰክቶ መጠምዘዝ ክልክል ነው። ሩብ ያህል ዞሮ ከቆመ ወደ ኋላ ይመልሱትና እንደገና ይሞክሩ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ስምንቱም ቫልቮች ሲወርዱና ሲወጡ ይይ። ወርዶ ያልተመለሰ ካለ ያቁሙ፤ ዘይት ጨምረው በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርገው ይምቱት። ሁለት ሙሉ ዙር በነፃነት ከዞረ በኋላ ነው አሮጌው ዘይት ተፈትቶ አዲስ ተራ 20ደብሊው50 የሚገባው። በዘመናዊ ብዙ ሳሙናማ ዘይት አይጀምሩ፤ ለዓመታት የተጋገረውን ጭቃ አላቅቆ የዘይት መተላለፊያውን ይደፍናል።

ቤንዚን ታንኩ መውረድ አለበት። ውስጡ ያለው ቤንዚን ወደ ሙጫ ተለውጧል፤ አንዴ ከተሳበ ካርቡራተሩን ይደፍናል፣ ቫልቭንም ሊያጣብቅ ይችላል። ዝገቱን ለማውጣት እፍኝ የሚሞሉ ዳዶዎች ከነጭ ኮምጣጤ ጋር አስገብተው ያንቀጥቅጡት፤ አንድ ቀን ይደር፤ ከዚያ ሶዳ በገባበት ውሃ አጥበው ወዲያው በአየር ያድርቁት፤ ከዘገየ በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ከተበሳ ግን ባዶ ነው ብለው እንዳያስበይዱት። ሰው የሚገድለው በውስጡ የቀረው ትነት ነው፤ ለዓመታት ባዶ የቆመ ታንክም ይፈነዳል።

የዲስትሪቢዩተሩ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው መገናኛ) አመድማ ሆኖ ያገኙታል፤ በቀጭን ሞረድ አንዴ አበስ አድርገው ክፍተቱን 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላውን 0.6 ያድርጉ። የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። የመጀመሪያው ማስነሳት ከአስር ሰከንድ ባልበለጠ ሙከራ፣ በመሀል እያሳረፉ። ዘይት መጫን እስኪጀምር ቤንዚን አይስጡት፤ ካንዴላ ሳይገባ በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) ቢዞር በቂ ነው።

አሁን ስለ 27ቱ። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚቀቡት በውሃ ቀለም ወይም በኖራ ስለነበር በሳሙናና በብሩሽ ቢታሹ ይጠፋሉ። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ፣ ዙሪያውን ብቻ። በቀለም ቀቢው ስቱኮና መርጫ ስር ከገባ የአባትዎ መኪና ቀርቶ ማንኛውም ሚሌቼንቶ ይሆናል። ከሥሩ የቀደመ ቁጥር ወይም የፋብሪካው ቀለም መኖሩን ማወቅ ከፈለጉ፣ ከቁጥሩ ርቀው በአንድ የሳንቲም ስፋት ላይ በ800፣ ቀጥሎ በ1200 ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ቀስ ብለው ይሹት፤ የቀለሞቹ ድርብርብ እንደ ዛፍ ክብ ተለይቶ ይወጣል። ዝገት የበላው የፓራፋንጎ (የጎማ ሽፋን) ላሜራ ቢጠገን አንቃወምም፤ በሩ ግን ስስ የመኪና ሰም ተቀብቶ እንዳለ ይቆይ።

ጥያቄ፦ የአባቴን የውድድር ራስ ቁር ልጄ ሞተር ሳይክል ላይ ሊያደርገው ይፈልጋል። ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይሆንም። ውስጡ ያለው ቡሽ ወይም ፎም ደርቋል፤ ሲመታ መጭመቁ ቀርቶ ይሰባበራል። የራስ ቁርን የሚፈትነው የስኔል ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፣ ፒት ስኔል የተባለው ተወዳዳሪ በ1956 የስፖርት መኪና ውድድር ላይ ከሞተ በኋላ፤ የመጀመሪያ መለኪያው የወጣው በ1959 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ቀድሞውንም በዚህ መለኪያ አልተፈተነም። በዛሬ ምክርም የራስ ቁር በየአምስት ዓመቱ ይቀየራል። መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ፀሐይ አያግኘው።

ጥያቄ፦ አባቴ ይወዳደርበት የነበረውን መኪና አስጠግነን ይሄዳል። ለወንድሜ ሠርግ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ልንወርድበት አስበናል። አራቱም ጎማ ባለ ታምቡር ፍሬን ነው። ያሰጋል? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ፍሬኑ ተፈትቶ ካልታደሰ ያሰጋል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በሐረጎ በኩል 650 ሜትር ያህል ይወረዳል። ከነሰዎቹ 950 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 18 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያንን ሙቀት የሚቀበለው ሞተሩና አየሩ ካልሆነ ታምቡሩ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ የፍሬን ሸራው ስለሚርቀው ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ሸራው ራሱም ሲግል ይንሸራተታል።

ሌላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በፊት አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 155 ይወርዳል፤ ዶት 3 ከ205 ወደ 140። ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጡ ይመስላል። ስለዚህ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ የየጎማው ፖምፓ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ይቀየር፣ አየሩ ሲወጣ ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመር። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ፍሬኑም ይዞ ይቀራል።

ጎማውንም ይዩ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያለው ቁጥር አራት አኃዝ ከሆነ የመጀመሪያው ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኛው ሁለቱ ዓመት ናቸው። ሦስት አኃዝ ብቻ ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ነው፤ ጥርሱ ቢታይም ለዚህ መንገድ አይሆንም።

አነዳዱ፦ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ፣ ሦስተኛ፣ ጠባብ ማዞሪያዎቹ ላይ ሁለተኛ። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ፈጽሞ አይሆንም። ፍሬን ላይ እግር አሳርፎ መውረድም ያው ነው፤ ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ በመሀል ታምቡሩ ይተነፍሳል። የእጅ ፍሬኑ ቆሞ የሚይዝ መሆኑን ከመውጣትዎ በፊት ዳገት ላይ ይፈትኑ። የሠርግ አጀብ መኪኖች ከኋላ ተጠግተው እንዳይነዱ ይንገሯቸው፤ የድሮ መኪና የኋላ መብራት ደብዛዛ ስለሆነ ፍሬን መያዝዎን ዘግይተው ነው የሚያዩት።

መንገድ ላይ ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ደጋግመው እየረገጡ ማርሽ ይቀንሱና ሰፊ ቦታ ይውጡ። ከጎማው ስር ድንጋይ ያስገቡ። የእጅ ፍሬኑን ግን አይሳቡ፤ የጋለ ታምቡር ሲቀዘቅዝ ሸራው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ያሳርፉት፤ ለማፍጠን ብለው ውሃ አይድፉበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ቀዝቅዞም ፔዳሉ ካልጠነከረ ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነውና ሙሽሮቹ በሌላ መኪና ይሂዱ፤ ይሄኛው በጭነት መኪና ይወሰድ።